ቦጊ ምንድን ነው? የሌጎ ባቡር ኩርባ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት

መስኮቱ በሥርዓት የተደረደረ፣ ጣሪያው ያማረ የመንገደኛ ፉርጎ ከሌጎ (ተገጣጣሚ የአሻንጉሊት) ጡብ መሥራት ትዕግሥት ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ከባዱ ከወለሉ በታች ያለው ነው። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ሲሄድ ዓይን የሚስበው ፉርጎ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሲደርስ ከሐዲዱ ይወጣል፤ ካልወጣም ከፊቱ ካለው ፉርጎ ይላቀቃል። ሠሪው ሞተሩን ይወቅሳል፣ ሐዲዱን ይወቅሳል፣ የሳሎኑን ምንጣፍም ይወቅሳል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በቦጊውና በማያያዣው ላይ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚታሰቡ።

ቦጊ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት የመንኮራኩር ዘንጎችን የያዘ አጭር ክፈፍ ሲሆን ከፉርጎው አካል ጋር የሚገናኘው በአንድ የመዞሪያ ነጥብ ብቻ ነው። ረጅም ፉርጎ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ቦጊ ይኖረዋል። አካሉ ቀጥ ብሎ እንደቆየ ቦጊዎቹ ከሥሩ እየዞሩ የሐዲዱን አቅጣጫ ይከተላሉ። ሐሳቡ ከባቡር ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1812 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጆን ጀርቪስ በ1832 የሎኮሞቲቩን ፊት በሚዞር ቦጊ ላይ አስቀመጠ። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ሐዲድ በጥድፊያ የተዘረጋና ኩርባ የበዛበት ስለነበር ቦጊ እዚያ የቅንጦት ነገር አልነበረም።

የሌጎ ሐዲድ ኩርባ ግን ከዚያም እጅግ የከፋ ነው። 16 የኩርባ ቁራጮች ተገጣጥመው ሙሉ ክብ ይሠራሉ፤ የክቡ ራዲየስ እስከ ሐዲዱ መሐል ድረስ 40 ጉብታ ነው (ጉብታ የምንለው በጡቡ አናት ላይ ያለውን ትንሽ ክብ እብጠት ነው)። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ 8 ሚሊሜትር ስለሆነ ራዲየሱ 320 ሚሊሜትር ይመጣል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 37.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን በዓለም ላይ የተለመደው የ1435 ሚሊሜትር ሐዲድ ምሳሌ አድርገን ብንቆጥረው ሞዴሉ ከእውነተኛው በ38 እጥፍ ያነሰ ይሆናል፤ ኩርባውም ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ 12 ሜትር ራዲየስ ብቻ ይኖረዋል። ዋና መስመር ላይ የሚሮጥ ባቡር በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ራዲየስ ይፈልጋል። ስለዚህ የእውነተኛ ባቡር ንድፍ አውርዶ በቀጥታ ማሳነስ አይሠራም፤ የአሻንጉሊቱ ሠሪ የሚታገለው ማንም የዋና መስመር መሐንዲስ ከማይፈቅደው ኩርባ ጋር ነው። (እግረ መንገዴን፦ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የድሮውን የጅቡቲ ባቡር መሥራት የሚያምረው ሰው ስሌቱን ከአዲስ ይጀምር። ያ ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው በዚሁ የሌጎ ሐዲድ ላይ መጠኑ ወደ 27 ለ1 ይወርዳል፤ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ፉርጎ ወደ 12 ጉብታ ይሰፋል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው 6 ወይም 8 ጉብታ ነው።)

አሁን ቦጊ የሌለውን ፉርጎ እናስብ። ሁለቱ ዘንጎች በ10 ጉብታ ተራርቀው ከአካሉ ጋር በጥብቅ ከተያያዙ እያንዳንዱ መንኮራኩር ሐዲዱን የሚገጥመው 7 ዲግሪ ያህል ተጣሞ ነው። መንኮራኩሩን ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ጠርዝ ሐዲዱን እየፋቀ ይሄዳል፤ ግጭቱ ይጨምራል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ትንሽ ጉድለት ሲያገኝም ጠርዙ ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ዘንጎቹ በ4 ጉብታ ብቻ በተራራቁበት ቦጊ ላይ ግን ያ ማዕዘን ከ3 ዲግሪ በታች ይሆናል። የቦጊ ጥቅም በአጭሩ ይኸው ነው። ሦስት ዘንግ ያለው ቦጊ የሚሠራ ሰው ደግሞ መካከለኛው ዘንግ ወደ ጎን አንድ ሚሊሜትር ያህል እንዲንሸራተት ክፍተት ይተውለት፤ አለዚያ ሦስቱ ዘንጎች ኩርባው ላይ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ችግሩ ቦጊው መንኮራኩሩን ሲያድን አካሉን ለአደጋ ማጋለጡ ነው። 28 ጉብታ ርዝመት ያለውና የቦጊዎቹ መዞሪያ በ16 ጉብታ የተራራቀ ፉርጎ እንውሰድ። ኩርባው ላይ መሐሉ ወደ ውስጥ 6.5 ሚሊሜትር ይገባል። ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ 13 ሚሊሜትር ይወጣሉ። በሐዲዱ አጠገብ ጣቢያ ወይም ምሰሶ የሚያቆም ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማወቅ አለበት፤ ለማያያዣው ግን ወሳኙ ሁለተኛው ነው።

ሁለት ፉርጎዎች በአንድ ክብ ላይ እስካሉ ድረስ ጫፎቻቸው እኩል ወደ ውጭ ስለሚወጡ ማያያዣው ብዙም አይጨነቅም። ሐዲዱ ወደ ግራ ዞሮ ወዲያው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን የፊተኛው ጫፍ 13 ሚሊሜትር ወደ አንድ ጎን፣ የኋለኛው 13 ሚሊሜትር ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። በመካከላቸው 26 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ከሦስት ጉብታ በላይ ማለት ነው። ሐዲድ መቀየሪያ በተገጠመበት ቦታ ሁሉ ይህ ዓይነት ጥምዝ አይቀርም። ባቡሩን በክብ ሐዲድ ላይ ብቻ ሞክሮ «ሠርቷል» የሚል ሰው ገና ምንም አልሞከረም።

የሌጎ ኩባንያ ይህን የፈታው ማያያዣውን ከአካሉ አውርዶ ቦጊው ላይ በመትከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ሲወጡ ፉርጎዎቹ በመንጠቆ ይያያዙ ነበር፤ ኋላ መንጠቆው ለማግኔት ቦታውን ለቀቀ። ቦጊው ላይ ያለ ማግኔት ሐዲዱን ስለሚከተል ጥምዙ አያስቸግረውም፤ ለልጅ እጅም ቀላል ነው፤ ፉርጎ ሲወድቅም ማግኔቱ ስለሚለቅ ሌላውን ጎትቶ አይጥልም። ለሦስትና ለአራት ፉርጎ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

ባቡሩ ሲረዝምና ሲከብድ ግን ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ማግኔቱ አቅም ያንሰዋል። ሁለተኛው ስውር ነው፤ የባቡሩ ሙሉ ጉተታ በእያንዳንዱ ቦጊ በኩል ያልፋል። ሲጎተት ጉልበቱ ቦጊውን ወደ ሐዲዱ መስመር ስለሚያቀናው ጉዳት የለውም። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ያው ጉልበት ቦጊውን ወደ ጎን ለማዞር ይሞክራል፤ ቀላሉ ፉርጎም ቀድሞ ይወድቃል። እውነተኛ ባቡሮች ማያያዣቸውን አካሉ ላይ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው፤ ጉልበቱ በወለሉ ብረት በኩል ሲያልፍ የቦጊው ሥራ መሸከምና መምራት ብቻ ይሆናል።

ታዲያ አካሉ ላይ ሲሆን ጥምዙ ይገነጥለዋል፤ ቦጊው ላይ ሲሆን ግፊቱ ይጥለዋል። በእኔ አስተያየት የተሻለው መፍትሔ ከሁለቱ መሐል ነው፦ ቦጊው በሚዞርበት በዚያው ፒን ላይ የተንጠለጠለ፣ ግን ከቦጊው ነፃ ሆኖ ለብቻው የሚዞር ረጅም የማያያዣ ክንድ። በሬዎቹ እርሻው ጫፍ ላይ ሲዞሩ ቀንበሩንና ሞፈሩን የሚያያይዘው ምራን ከሁለቱም ሳይጣላ እንደሚዞር ማለት ነው። የመዞሪያው ፒን ሁልጊዜ ከሐዲዱ መሐል በላይ ስለሆነ እዚያ ነጥብ ላይ ወደ ጎን የሚወጣ ነገር የለም፤ ክንዱ ከአንዱ ፒን ወደ ሌላው ቀጥታ መስመር ይሠራል። ግፊቱም ፒኑን እንጂ ቦጊውን አያዞርም። ዋጋው የቦታ ነው። ክንዱ በፉርጎው ጫፍ ሥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከ13 ሚሊሜትር በላይ መወዛወዝ አለበት፤ ስለዚህ የጫፉ ወለል ክፍት ይሁን። ክንዱ ከመንኮራኩሮቹ በላይ እንዲያልፍም ፉርጎው ቢያንስ በአንድ ስስ ጡብ፣ ማለትም በ3.2 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ስምንት ጉብታ ስፋት ላለው ፉርጎ ይህ አያስቸግርም፤ ስድስት ጉብታ ስፋት ላለው ግን በጎኖቹ በኩል ቦታው ይጠባል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ማያያዣውን ጨርሶ ማጥፋት። ጀርመናዊው ቪልሄልም ያኮብስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያቀረበው ንድፍ የሁለት ፉርጎዎችን ጫፍ በአንድ የጋራ ቦጊ ላይ ያስቀምጣል፤ የፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር ቴዤቬ የሚሄደው በዚህ ነው። ጫፎቹ ከሐዲዱ መሐል ስለማይወጡ የ26 ሚሊሜትሩ ችግር በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ በፉርጎዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጠቦ ባቡሩ ያምራል። የሚከፈለው ዋጋ ሌላ ቦታ ነው፦ መዞሪያዎቹ አሁን በ28 ጉብታ ስለሚራራቁ የፉርጎው መሐል ወደ ውስጥ የሚገባው 6.5 ሳይሆን 20.2 ሚሊሜትር ነው። ከጎን ያለውን ጣቢያ የሚገጨው ያኔ ነው። ባቡሩንም ወደ ሳጥኑ ለመመለስ እንደ እባብ መጠቅለል ያስፈልጋል።

ፒኑ ራሱም ትኩረት ይፈልጋል። በጣም የጠበቀ ፒን ቦጊው ወደ ግራና ቀኝ እንዳይዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይወዛወዝም ያደርገዋል፤ ሐዲዱ ትንሽ ወጣ ገባ ሲል አንዱ መንኮራኩር አየር ላይ ይቀራል። ጥሩ ልማድ የሚሆነው አንደኛው ቦጊ በሁሉም አቅጣጫ እንዲወዛወዝ፣ ሌላው ግን ከመዞሩ በተጨማሪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ እንዲያዘነብል ማድረግ ነው። ሁለቱም በነፃነት ሲወዛወዙ ፉርጎው እንደ ጀልባ ይዋልላል።

ግጭትን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፦ የብረት ዘንግ ያላቸውን የባቡር መንኮራኩሮች መጠቀም ነው። ከቴክኒክ (የሌጎ የማሽን ቁራጮች) ዘንግና ቀዳዳ የተሠራ ቦጊ ያምር ይሆናል፤ አሥር ፉርጎ ሲደረደር ግን ሞተሩ ይናገራል። ክብደትም ወደ ታች ይሁን፤ ከባዶቹ ፉርጎዎች ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ይግቡ። ቀላል ፉርጎ ከፊት ሆኖ ከኋላው ብዙ ክብደት ሲጎተት ኩርባው ላይ ወደ ውስጥ ተስቦ ይወድቃል።

ለፍተሻ ሁለት የሐዲድ መቀየሪያዎችን አከታትሎ መግጠምና ባቡሩን በዚያ ላይ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል። በዝግታ፣ በእጅ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ጀምሮ። የሚወድቀው ፉርጎ የት እንዳለ ከታየ በኋላ ፉርጎውን ገልብጦ ክንዱ የነካውን ጡብ መፈለግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የመውጫ ደረጃ ወይም አንድ የጌጥ ቁራጭ ይሆናል።