በሰዓት የሚቆረጥ የስኪ ሊፍት ቲኬት፡ አመራረጡና አጠቃቀሙ

የሊፍት ቲኬት ማለት ስኪ ሪዞርት (በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ተራራ) ላይ ወደ ተራራው የሚያወጡትን ማሽኖች፣ ማለትም ቼርሊፍቱን (በገመድ የተንጠለጠለውን ወንበር)፣ ጎንዶላውን (የተዘጋውን ሳጥን) እና በገመድ የሚጎትቱትን ለመጠቀም የሚቆረጥ ቲኬት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሙሉ ቀኑን ነው፣ ሊፍቱ ጠዋት ከተከፈተበት እስኪዘጋ የሚሠራውን። እዚህ የሚወራው ግን በሰዓት ስለሚቆረጠው ነው፣ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለማይገኝና ለጀማሪም ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብም ብዙ ጊዜ ከሱ የተሻለ ቲኬት ስለሌለ።

በሰዓት ሲባል ሁለት ዓይነት አለ፣ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለውም ሁለቱን ሳይለይ ሲገዛ ነው። አንደኛው የግድግዳ ሰዓት የሚከተለው ነው፦ የጠዋቱ እስከ ቀኑ 6 ተኩል ወይ 7 ሰዓት ድረስ፣ የከሰዓቱ ከዛ አካባቢ ጀምሮ እስከ መዝጊያው (ብዙ ቦታ ወደ 10 ሰዓት ገደማ)፣ መብራት የተተከለለት ተዳፋት ካለ ደግሞ የማታው። በዚህኛው ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ያለፈው አለፈ። ሁለተኛው ከናንተ የሚቆጥረው ነው፣ ለ2፣ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል፣ ቆጠራው የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ቲኬቱን ስትገዙ ሳይሆን ካርዳችሁ የመጀመሪያውን የሊፍት በር ሲከፍት ነው። አንዴ ከጀመረ ግን ተከታታይ ነው፣ ምሳ በሉ፣ ጫማ ቀየሩ፣ ልጅ አለቀሰ ብሎ አይቆምም። በነጥብ የሚሠራም ካርድ አለ፣ እያንዳንዱ ሊፍት የራሱን ነጥብ ይቀንሳል፣ እሱ ግን የሰዓት ቲኬት ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በ1908 ጀርመን ጥቁር ደን ውስጥ ሾላህ በምትባል ቦታ ሮበርት ቪንተርሃልደር በውሃ ወፍጮ ጉልበት የሚሠራ መጎተቻ ሠራ፣ በ1936 ደግሞ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቼርሊፍቶች ሥራ ጀመሩ፣ ንድፉን ያወጣው ጄምስ ከረን የባቡር ድርጅት ኢንጂነር ነበር፣ ሐሳቡንም ያገኘው መርከብ ላይ ሙዝ ከሚጭን ማሽን ነው።

የቲኬቱ ነገር በደንብ የሚታወቀው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ከዛ በፊት ቲኬት ልብስ ላይ በስቴፕለር ይመታ ነበር፣ ውድ ጃኬት ይቀድዳል፣ በክር ከታሰረ ደግሞ ፈትቶ ለጓደኛ ማቀበል ነው። አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ ኪሊንግተን የሚባል ስኪ ሪዞርት ላይ ይሠራ የነበረው ቻርሊ ሃንሊ የታጠፈች ሽቦ ሠራ፣ ሽቦዋ በዚፕ ቀለበት ውስጥ ታልፋለች፣ የሚጣበቀው ቲኬት በላይዋ ይታጠፍና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ላውጣው ያለ ሰው ቲኬቱን ይቀድደዋል። ቀላል ነገር ትመስላለች ግን ለሰዓት ቲኬት ትልቅ ነገር ነው የሠራችው፣ ምክንያቱም የአራት ሰዓት ቲኬት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ከሆነ ማንም ሪዞርት አይሸጠውም። ያኔ ሰዓቱን የሚያየው በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ነበር፣ በዛ ብርድ ሙሉ ቀን ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው ጃኬት እያነበበ፣ ዛሬ ማሽን ይሠራዋል ብለን የምናልፈውን ሥራ እነሱ በዓይናቸው ነበር የሚሠሩት፣ ሊመሰገኑ ይገባል።

አሁን ያለው በር የመጣው ከአውሮፓ ነው ማለት ይቻላል። በ1977 የተመሠረተው የኦስትሪያው ስኪዳታ፣ በኋላም ሌላው የኦስትሪያ ድርጅት አክሰስ ካርድ ከኪስ ሳይወጣ የሚያነቡ በሮችን በየተራራው አስፋፉ። ካርዱ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፣ ባትሪ የላትም፣ የበሩ አንቴና በሬዲዮ ሞገድ ጉልበት ይሰጣትና ቁጥሯን ትናገራለች። አንቴናው ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ስለሆነ ካርዱን ግራ ኪስ ውስጥ ለብቻው አድርጉት፣ ከስልክ ጋር፣ ከሌላ የድሮ የስኪ ካርድ ጋር ወይ በአሉሚኒየም ፎይል ከተጠቀለለ ቸኮሌት ጋር ከሆነ በሩ አይከፈትም፣ ከኋላችሁ ያለው ሰልፍም ያጉረመርማል። ከመጀመሪያው ስካን የሚቆጥር ቲኬት እንዲህ የተስፋፋው በዚህ ቴክኖሎጂ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት መያዝ ለሰው ዓይን ከባድ ነበር።

እንዴት ይመረጣል? ሰዓቱን ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደምትወርዱ አስሉ። 1,500 ሜትር የሚረዝም የድሮ ቼርሊፍት በሰከንድ 2.5 ሜትር ከሄደ መውጫው ብቻ 10 ደቂቃ ነው፣ በሰከንድ 5 ሜትር የሚሄደው አዲሱ ግን 5 ደቂቃ። ፈጣኑ ላይ 10 ደቂቃ ሰልፍ እና 10 ደቂቃ መውረጃ ጨምሩበት፣ አንዱ ዙር 25 ደቂቃ ይሆናል፣ በ4 ሰዓት 9 ዙር ነው። ሰልፍ የሌለበት ቀን ግን ያው ዙር 15 ደቂቃ ነው፣ 16 ዙር ይወጣዋል። ስለዚህ በሥራ ቀን የሰዓት ቲኬት ይበቃል፣ በበዓል ሰሞን ግን የሙሉ ቀኑን ማየት ነው፣ ዋጋቸውም ብዙ ቦታ ያን ያህል አይራራቅም። እንደ ጣሊያኑ ዶሎሚቲ ሱፐርስኪ ያለ 12 የስኪ አካባቢዎችን ያገናኘ ትልቅ ቦታ ላይ ሴላሮንዳ የሚባለውን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር በ4 ሰዓት ለመጨረስ መሞከር ልክ አይደለም፣ ሰዓቱ በተራራው ማዶ ካለቀ መመለሻ ሊፍት የለም። ፍፁም ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ ይጠይቅ፣ ሕፃናት የሚማሩበት ማጂክ ካርፔት (ቆመውበት ሽቅብ የሚወስድ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ) አንዳንድ ቦታ ነፃ ነው ወይ የራሱ ርካሽ ቲኬት አለው።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ከሰዓት? ጠዋት። ማሽኑ ሌሊት ያስተካከለው በረዶ ገና አልተፈረሰም። በፀደይ ወራት ግን ጠዋት በረዶው ድንጋይ ስለሚሆን ፀሐይ እስኪያለሰልሰው አርፍዶ መጀመር ነው፣ መጀመሪያ የሚለሰልሰው ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት ነው። ጫማና ስኪ መከራየቱን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ጓንቱን ሁሉ ከመጀመሪያው ስካን በፊት ጨርሱ። ከፓርኪንጉ የሚነሳው ጎንዶላ ራሱ በር ካለው እሱም ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚታየው መግቢያው ላይ ያለው ሰዓት ነው፣ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሩን ካለፋችሁ ያ ዙር የናንተ ነው።

ነፋስ ሲነሳ ሊፍት ይቆማል፣ የቲኬቱ ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም። ይሄ ያከራክራል፣ ሪዞርቶቹ የአየር ሁኔታ የኛ ጥፋት አይደለም ይላሉ፣ ደንበኛው ደግሞ ያልተጠቀምኩበትን ለምን እከፍላለሁ ይላል፣ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ቲኬት መሸጫው መስኮት ጋ ሄዶ በትህትና መጠየቅ ግን አይጎዳም፣ እዛ ያሉት ልጆች ከሚታሰበው በላይ ይረዳሉ።

ዋጋን በተመለከተ ኦንላይን ቀድሞ መግዛት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ የሰዓቱን ግን መስኮት ላይ ብቻ የሚሸጡ አሉ። ብዙ ሪዞርት ላይ ለወቅቱ በሙሉ የሚሠሩት ካርዶች፣ ኤፒክ ፓስ በ2008፣ አይኮን ፓስ በ2018 ከመጡ ወዲህ የአሜሪካ ትልልቅ ሪዞርቶች ሰውን ወደ ወቅቱ ካርድ እየገፉት ነው፣ ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል ላይ የአንድ ቀን ቲኬት በተጨናነቀው ወቅት ከ300 ዶላር አልፏል። የሰዓት ቲኬት በብዛት ያለው ከነሱ ይልቅ ትንንሾቹ ጋ ነው።

የተረፈ ሰዓትን ለሌላ ሰው መስጠት በየትኛውም ቦታ ማለት ይቻላል ክልክል ነው፣ አንዳንድ በሮች ፎቶ እያነሱ ያወዳድራሉ። ካርዱ ከጠፋ ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ካላችሁ የድሮውን ዘግተው ቀሪውን ሰዓት በሌላ ካርድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ከበሩ በፊት ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሱት።