ማገገም ምንድን ነው?

የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ የነበረበት ሰው ጤናውን እየጠበቀ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራውና ወደ ሰው የሚመለስበት ረጅም ጉዞ ማገገም ይባላል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱ ጨርሶ ባይተወውም መድኃኒቱን እየወሰደ ማሳውን የሚያርስ ገበሬ እያገገመ ነው። ቤተሰብ «ዳነ ወይስ አልዳነም?» ብቻ እያለ ከጠበቀ ይህን መሻሻል ሳያየው ያልፋል።

ከአረቄ ሱስ በማገገም ክፉው ጊዜ መጠጡ የቆመበት መጀመሪያው ነው። ለዓመታት በየቀኑ የደምበጫ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ለሱባኤ ብሎ በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊንፈራገጥ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ያለበትን ቦታ ከሳተ፣ የሌለ ነገር ካየና ካተኮሰው ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። አንጎሉ የአልኮሉን ማደንዘዣ ለመቋቋም ነቅቶ መሥራት ስለለመደ፣ አልኮሉ በድንገት ሲቀር ያ ንቃት ልጓም ያጣል። «መንፈስ ያዘው» ብሎ ማሰር ጊዜ ይገድላል። ፈጥኖ ሆስፒታል ይወሰድ፤ እዚያ ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒት ይመጠንለታል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል። ግሉኮስ የሚያስፈልገው ከሆነ ቢ1 መቅደም አለበት።

በአእምሮ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው ሰውየው ደኅና ሲሆን ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። የድባቴ መድኃኒት ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታየ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ደግሞ ቢያንስ 1 ዓመት። ሌላው የማቋረጫ ምክንያት ሃሎፔሪዶል የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ነገር ነው፤ አንገት ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ቤተሰብ ይደነግጥና መድኃኒቱን ይጥላል። ይህ በመርፌ ወይም በክኒን ቶሎ የሚፈታ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይበቃል።

ጸበልና መድኃኒት እርስ በርስ አይጋጩም። ታማሚው ጸበል ሄዶ እስከ ከሰዓት የሚጾም ከሆነ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ እንዲያዞርለት አስቀድሞ ይነገረው፤ ክኒኑም ከስንቁ ጋር አብሮ ይሂድ።

ወደ ሥራ ሲመለስ ወንፈል ጥሩት፣ መጀመሪያ ግን ለግማሽ ቀን፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ያደክማሉ። ማኅበር ላይ በጠላ ፋንታ ያልፈላ ብርዝ ይቅረብለት፣ «አንዲት ብቻ» ብሎ እንዲጠጣ የሚለምነውም ይከልከል። ለተከታታይ ሌሊቶች እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ ወይም መጠራጠር ከጀመረ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ይወሰድ።