ለጉሮሮ ምርመራ ማስተኛት፦ መድኃኒቱ ለምን ይለያያል?

በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው የአየር መተላለፊያው የት ላይ እንደሚዘጋ ለማየት፣ ሐኪሙ በመድኃኒት አስተኝቶት በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ ያስገባል። ነቅቶ ቢታይ ጡንቻው ስለሚወጠር መዘጋቱ አይታይም። ብዙ ሰው ይህን ከሙሉ ሰመመን ጋር ያምታታዋል። እዚህ ግን ታካሚው በራሱ መተንፈስ አለበት፤ እንዲያውም ሲያንኮራፋ ነው የሚፈለገው።

ከማስተኛ መድኃኒቶቹ አንዱ ፕሮፖፎል ቶሎ ያስተኛል፣ ሲቆምም ቶሎ ይለቃል። ችግሩ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ነው፦ ጡንቻውን ከተፈጥሮ እንቅልፍ በላይ ስለሚያላላው ሌላ ጊዜ የማይዘጋው ቦታ ሁሉ ተዘግቶ ይታያል፤ ትንፋሽም ይዳከማል። በፓምፕ ቀስ እያለ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ዴክስሜዴቶሚዲን ወደ ተፈጥሯዊው እንቅልፍ የቀረበ ነው፤ ትንፋሽንም ብዙ አይጫንም። ግን የመጀመሪያውን መጠን መስጠት ብቻ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ያወርዳል። ሚዳዞላም ለመልቀቅ ይዘገያል፤ ደግነቱ ፍሉማዜኒል የሚባል ማርከሻ አለው።

ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ አንዳቸውም በትክክል አይተኩም። ውጤቱን ስትቀበሉ «የት ተዘጋ?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው መድኃኒት፣ ምን ያህል ተኝቼ?» ብላችሁም ጠይቁ።