ጤፍን ማን «ፈጠረው»?

ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚሰጠው ለፈጠራ ነው። ጤፍን እንዳለ ማንም በስሙ ማስመዝገብ አይችልም። ታዲያ በጤፍ ላይ ፓተንት ያገኘው አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ምኑን ነው ያስመዘገበው? ዱቄቱንና አዘገጃጀቱን። እህሉን ከታጨደ በኋላ አቆይቶ መፍጨት «ፈጠራ» ተባለለት፤ እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አስቡት! እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በጄኔቭ የጸደቀው የዋይፖ (የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ስምምነት ደግሞ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ፈጠራው የተመሠረተበት ዘር ወይም ተክል ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ ባህላዊ እውቀት ከተጠቀመም ከየትኛው ማኅበረሰብ እንዳገኘው በማመልከቻው ላይ እንዲናገር ይደነግጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ይናገር አለ እንጂ ይክፈል አላለም። ጥቅም መጋራት የሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ጉዳይ ነው። ሳይናገር ቢቀርስ? የማጭበርበር ሐሳብ ከሌለው በዚህ ብቻ ፓተንቱ አይሰረዝበትም።