ሲሼልስን በካታማራን፦ በሰው ዘንድ የተለመዱ ስሕተቶችና እውነታው

ካታማራን ሁለት ጠባብ የጀልባ አካሎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ሰፊ መድረክ የተያያዙበት የሸራ ጀልባ ነው። ከነካፒቴኑና ከነምግብ አብሳዩ ለሳምንት ተከራይቶ በሲሼልስ ደሴቶች መካከል መዞር ድንቅ ዕረፍት ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋናዋ ደሴት ማሄም በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ቅር ብሎት የሚመለስ ሰው ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሳይነሳ የያዘው ግምት ነው።

«ሲሼልስ ሁልጊዜ ሞቃት ስለሆነች የትኛውም ወር ያው ነው»

ሙቀቱስ እውነት ነው። ጉዞውን የሚወስነው ግን ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነፋሱ ከ15 እስከ 25 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) መድረሱ የተለመደ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ለስለስ ያለ ቢሆንም ዝናብ ያዘለ ነው። በመካከል ሚያዝያ ላይ፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ባሕሩ ይረጋል፣ ውኃው ይጠራል፣ ኮራሉና ዓሣው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመዋኘትና ለስኖርክል (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ላይ ሆኖ ታቹን ለማየት) የሚሄድ ሰው ይህን ጊዜ ይምረጥ። ሸራ ተወጥሮ መሄድን የሚወድ ግን በእነዚህ ወራት ብዙውን መንገድ በሞተር ስለሚጓዝ ይከፋዋል፤ ለእሱ ግንቦት ወይም መስከረም ይሻለዋል።

ሳይክሎንን፣ ማለትም ኃይለኛውን የባሕር አውሎ ነፋስ፣ የሚፈሩም አሉ። ዋናዎቹ ደሴቶች ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስለሚገኙ ከዋናው የሳይክሎን ቀጠና ውጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፋንታላ የተባለው ሳይክሎን የመታው ፋርኳር የተባለውን ሩቅ ደሴት ነው።

«መስመሩን ቤታችን ሆነን ቀን በቀን እንጨርሰዋለን»

ደሴቶቹን መምረጥ ጥሩ ነው። «ማክሰኞ እዚህ፣ ረቡዕ እዚያ እናድራለን» ብሎ መቁረጥ ግን አያዋጣም።

ከማሄ እስከ ፕራስሊን 25 ኖቲካል ማይል (46 ኪሎ ሜትር) ያህል ነው። ፕራስሊን ከማሄ በስተሰሜን ምሥራቅ ስለምትገኝ ሁለቱም ነፋሶች ጀልባውን ከጎን ያገኙታል፤ ለሸራ ከዚህ የተመቸ የለም። በ6 ኖት ፍጥነት ከአራት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከማሄ በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው ደሴት ሲሉዌት ግን ሌላ ናት። በሐምሌ ወደዚያ መሄዱ ቀላል ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። ሲመለሱ ግን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ካታማራን ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ቢያንስ 50 ዲግሪ ያህል ካልራቀ በሸራ መሄድ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ወይ እየተጠማዘዙ መንገዱን ማርዘም ነው፣ ወይ ሞተር አስነስቶ ሞገዱን እየተጋፉ መምጣት።

ማደሪያም እንዲሁ በነፋስ ይመረጣል። አንስ ላዚዮ የተባለው የፕራስሊን ባሕር ዳርቻ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ በሐምሌ የተከለለ ነው፤ በጥር ግን ሞገድ በቀጥታ ይገባበታልና ሌሊቱን ሙሉ ሲያንከባልል ያነጋል። ያኔ ካፒቴኑ እዚያው ፕራስሊን ወዳለው ወደብ ወደ ቤ ሴንት አን ቢወስዳችሁ አትቀየሙት። ግራንድ አንስ የተባለው የላ ዲግ ባሕር ዳርቻ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ኃይለኛ ሞገድና ሰውን ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት አለበት፤ እዩት፣ አትግቡበት። ኩዘን የምትባለው የወፎች መጠበቂያ ደሴት ላይ ጎብኚ የሚወርደው በደሴቲቱ ጠባቂዎች ጀልባ ብቻ ነው፤ አይጥ እንዳይገባባት የተደረገ ጥንቃቄ ነው። አልዳብራ የተባለችውን ሩቅ የኮራል ደሴት በሳምንት ጉዞ ውስጥ ለማስገባት የሚጠይቅም አይጠፋም፤ ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

«ካታማራን ስለማያጋድል አያቅለሸልሽም»

አለማጋደሉ ልክ ነው፤ ብርጭቋችሁ ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። እንቅስቃሴው ግን አጭርና ድንገተኛ ነው። ሞገድ በሁለቱ አካሎች መካከል ገብቶ የመድረኩን ሆድ ከሥር ሲመታው «ዷ!» ይላል፣ ወለሉ ይርገበገባል፣ ሳህኑ ይንቀጫቀጫል። መጀመሪያ የሰማ ሰው ጀልባው የተሰነጠቀ ይመስለዋል። ጉዳት የለውም፤ ሆድን ግን ይረብሻል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሳት አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይወሰዳል፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሆድ አይቀበለውም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ከኋላ በኩል ተቀምጣችሁ አድማሱን እዩ፤ ጀልባው እየሄደ ስልክ አታንብቡ፣ ታች ወዳለው ክፍልም አትውረዱ።

«ከከፈልን በኋላ ሌላ ወጪ የለም»

ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምግቡን፣ ነዳጁንና ሠራተኞቹን ያጠቃልላል። በሌላው የምትከፍሉት ለጀልባውና ለሠራተኞቹ ብቻ ሆኖ፣ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለወደብ ከኪራዩ ከ25 እስከ 35 በመቶ በቅድሚያ ታስይዛላችሁ፤ ካፒቴኑ በደረሰኝ አወራርዶ የተረፈውን ይመልሳል። ኪራዩ 12,000 ዩሮ ቢሆን 30 በመቶው 3,600 ዩሮ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ውል ይህ ከላይ የሚጨመር ነው። የመናፈሻ መግቢያ፣ መጠጥና የጄኔሬተር ነዳጅ በየትኛው ወገን እንደሚወድቁ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለሠራተኞቹ ጉርሻ ከ10 እስከ 15 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው፤ በጀታችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት።

«አራት መኝታ ክፍል ካለው ስምንት ሆነን እንሄዳለን»

ካፒቴኑና አብሳዩ የት ይተኛሉ? አንዳንዱ ጀልባ አፍንጫው ላይ ለሠራተኛ የተሠራች ጠባብ መኝታ አለችው፤ ሌላው ላይ ከአራቱ አንዱን ክፍል እነሱ ይይዙታል። የክፍሎቹን ፕላን አስልካችሁ ተመልከቱ።

«ውኃና መብራቱ እንደ ሆቴል ነው»

አሥር ሰው ሆናችሁ እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ቢያፈስ 600 ሊትር ነው፤ የ45 ጫማ ካታማራን ታንከር ከዚያ ብዙም አይበልጥም። የባሕር ውኃን የሚያጣራ ማሽን ያለው ጀልባ በሰዓት 100 ሊትር ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ በቆሸሸ የወደብ ውኃም አይሠራም። ስለዚህ ሳሙና ሲቀቡ ቧንቧውን መዝጋት ነው። የፀጉር ማድረቂያና ማንቆርቆሪያም ጄኔሬተሩ ሲነሳ ብቻ ይሰኩ። ሽንት ቤት ውስጥ ወረቀት አይጣልም፤ ቱቦው ጠባብ ነው፣ ከተደፈነ የምትጠፋው የእናንተው ግማሽ ቀን ናት።

«ቪዛ ስለማይጠየቅ ትኬት ይበቃል»

ሲሼልስ ከአብዛኛው አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። ሆኖም ሳትሳፈሩ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው፤ የመመለሻ ትኬትና ማደሪያ ይጠየቃል። ማደሪያችሁ ጀልባ ከሆነ የኪራዩን ማረጋገጫ አቅርቡ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም መያዝ አለበት፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አያዋጣም።

«ምግቡን እዚያ ስንደርስ እንነግራቸዋለን»

አብሳዩ የሚገዛው እናንተ ሳትደርሱ ነው። ከሳምንታት በፊት የሚላከውን የምግብ ቅጽ በጥንቃቄ ሙሉት። «ጾም» ብሎ መጻፍ አይበቃም፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና አይብ እንደማትበሉ ዘርዝሩ፤ ዓሣ ትበሉ እንደሆነም ለይታችሁ ጻፉ፣ አለዚያ በየቀኑ ይቀርብላችኋል። ባሕሩ የሚረጋበት ኅዳር ጾመ ነቢያት የሚጀመርበት ወር መሆኑን አስቡ። ሐላል የሚፈልግም እንዲሁ አስቀድሞ ያሳውቅ። ሽሮና ድርቆሽ ይዞ ለመሄድ ያሰበ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚገባ የምግብ ዓይነት ቁጥጥር ስለሚደረግበት የተፈቀደውን ሻንጣው ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ይጠይቅ።

«ዋና የማይችል ሰው አይሄድም»

ይሄዳል። ለካፒቴኑ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይንገር፣ ልኩ የሆነውን የሕይወት ጃኬት ለክቶ ለራሱ ያስቀምጥ። ትንሿ ጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻ ስታደርስ ብዙ ጊዜ የሚወረደው ጉልበት የሚደርስ ውኃ ውስጥ ነው፤ ስልክና ፓስፖርት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይሁን።

«ሰባት ሌሊት ማለት ሰባት ቀን ነው»

በመጀመሪያው ቀን የምትሳፈሩት ከሰዓት በኋላ ነው። የደኅንነት ማብራሪያው አልቆ ዕቃችሁ ገብቶ ሲያበቃ ጀንበር ለመጥለቅ ትቃረባለች፤ ዓመቱን ሙሉ ጀንበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ጀልባውም ከዚያ በፊት መልሕቅ ይጥላል። የመጨረሻው ሌሊት በማሄ አቅራቢያ ነው፤ በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀልባውን ታስረክባላችሁ። ሙሉ ሆነው የሚቀሯችሁ ስድስት ቀናት ናቸው። የመመለሻ በረራችሁን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ሻንጣችሁም የሚታጠፍ ይሁን፣ ደረቅ ሻንጣ ጀልባ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።