ጥብቅ ቦታ፣ ሰደድ እሳትና የጎጃም ወሬ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ነገሩ ቃል በቃል ነው። የአስታ (የደጋው ቁጥቋጦ) ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ፣ እሳቱን እየገረፍክ ታጠፋዋለህ። እሳቱ ገና የጉልበት ቁመት ሳለ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሩጥ።

«እዚህ ቦታ ጥብቅ ይሁን» ተብሎ ቀበሌ ስብሰባ በጠራ ቁጥር፣ በጋ ላይ ተራራው በጨሰ ቁጥር፣ ያው ወሬ ይነሳል። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ።

«ጥብቅ ከተባለ መሬታችን ተወሰደ ማለት ነው»

ስጋቱ ከሜዳ አልመጣም። አንድ ቀን ባለሙያ መጥቶ ችካል ተክሎ ሄዶ፣ በማግስቱ ከብቱ የታሰረበት ገበሬ ብዙ ነው። ግን ጥብቅ ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ቅርባችን ያለውን ጣናን እዩ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግበው፣ ከባሕር ዳር ጀምሮ የጎጃምን ወገን ጨምሮ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ገባበት። ታዲያ ያ ሁሉ ገበሬ ተነሳ እንዴ? አልተነሳም። አሠራሩ ሦስት ቀለበት ነው። መሃሉ በጥብቅ ይጠበቃል፣ ቀጥሎ ያለው በልክ ይነካል፣ ውጭኛው ላይ ይታረሳል፣ ይነገዳል፣ ይኖራል።

የመንዝ ጓሳም አለ። (ጎጃሜ ስለ መንዝ ሲያወራ አያምርበትም ትሉ ይሆናል፤ ቻሉት።) እዚያ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል የጋራ ሣር መጠበቂያ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ሲደርስ ከፍቶ ያጭዳል። ሥርዓቱን ያዳከመው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ ያቆየው ደግሞ እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። ጥቅሙን የሚያውቅ ሰው እሳት ሲያይ ዝም አይልም።

የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነቱን ይለያል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ይከለከላል ወይ?» ሳይሆን «በማን ስም ይመዘገባል?» ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92ም ኅብረተሰቡን በቀጥታ የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲተገበር ሕዝቡ ሐሳቡን ሊሰጥ ይገባል ይላል። የውሎ አበል መዝገብ ላይ መፈረም ሐሳብ መስጠት አይባልም።

«ወረዳው ከወሰነ አለቀ»

አላለቀም። ወረዳ ድንበር ያስለያል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ይጠይቃል። ክልሉ የሚያስተዳድረው ፓርክ እንዲቋቋም የክልሉ ሕግ ያስፈልጋል። በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካኖች ሰው የማይሰፍርበትን የዱር ምድር በ1964 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲከልሉ፣ የመጨረሻውን ቃል ለኮንግረስ ነው የሰጡት። የአካባቢው ምክር ቤት መደገፍ ወይም መቃወም ይችላል እንጂ አይወስንም። ደግሞ ያው ሕግ እሳትን ለመቆጣጠር አስፈላጊው እርምጃ ሊወሰድ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። «ጥብቅ ከሆነ እሳት ሲነሳ እንኳ አንገባም» ለሚሉ ሰዎች ይህን ሳነብላቸው ይገርማቸዋል።

የጮቄ ነገር ግን ከዚህም ይወሳሰባል። ተራራው የአንድ ወረዳ አይደለም። ስናን፣ ቢቡኝ፣ ማቻክል፣ ሁለት እጁ እነሴ፣ ሌሎችም ይካፈሉታል። አንዱ ሲያጠብቅ ሌላው ከለቀቀ እሳቱ በለቀቀው በኩል ይገባል።

«እሳቱ ከፀሐይ ብዛት የተነሳ ነው»

ፀሐይ ያደርቃል፣ አይለኩስም። መብረቅ እሳት ያስነሳል፣ እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መብረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዝናብ ጋር ነው የሚመጣው። ጥር እና የካቲት ላይ ጠራራ ሰማይ ሥር የሚነሳ እሳት ባለቤት አለው። የጫካ ማር ሲቆረጥ የወደቀ ችቦ፣ ለአዲስ ሣር ተብሎ የተለቀቀ እሳት፣ እረኛ ድንች ጠብሶ የተወው ፍም። አዊ ውስጥ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ በብዛት ስለተተከለ የከሰል ክምር አለ፤ ሌሊት ጠባቂው ሲያንቀላፋ አፉን ይከፍታል።

«እሳት ለግጦሽ ጥሩ ነው»

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹን ማቃለል አልፈልግም፣ ግማሽ እውነት ይዘዋል። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሣርም ከአመድ በኋላ ለምለም ሆኖ ይወጣል፤ ከብት ይወደዋል። ችግሩ ድግግሞሹ ነው። አስታው ሳያገግም በየዓመቱ ከተቃጠለ ሥሩም ይደክማል፣ ቁጥቋጦው ሳስቶ አፈሩ ይራቆታል፣ የክረምቱ ጎርፍ ይጠርገዋል።

ጅብራን፣ ያንን ረጅሙን የተራራ ተክል፣ አስቡት። ጮቄ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ስትወጡ እንደ ዘበኛ ቆሞ የሚያያችሁ ነው። ዓመታት ያድጋል፣ አንዴ ያብባል፣ ዘር በትኖ ይሞታል። ሳያብብ ከነልቡ ከተቃጠለ ዘር የለም፣ አለቀ። ከሥሩ ያለው ጓሳና ረግረግ ደግሞ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ለአባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞች የሚነሱት ከዚህ ነው። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ድሮ ይህች ምንጭ ሚያዝያም አትደርቅ» ብለው በዱላቸው ያሳዩኝ ቦታ ላይ ያየሁት የተሰነጠቀ ጭቃ ብቻ ነበር። እሳት ብቻውን አላደረቃትም፤ እርሻውም ሽቅብ ወጥቷል። ግን እሳቱ ለእርሻው መንገድ ጠርጎለታል።

«ሄሊኮፕተር ይመጣል»

ሰሜን ተራሮች በ2011 ዓ.ም. ሲነዱ የእስራኤል ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር ደርሰው ነበር። ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። ከዚያ ወዲህ ጭስ በታየ ቁጥር ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ በዛ። እንዲህ ያለው እርዳታ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ገደል ለገደል የተንከራተተው የአካባቢው ሰው ነው። ያ ደግሞ በዓለም የታወቀ ፓርክ ነው። ለእኛ ቀበሌ ማን ሄሊኮፕተር ያስነሳል?

ለማንኛውም አንድ ነገር ያዙ። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በቀና ቁጥር እሳት ሽቅብ የሚሮጥበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ከእሳቱ በላይ ዳገት ላይ አትቁሙ። ከጎን ግቡ፣ ወይም ወደ ነደደው፣ ወደ ጠቆረው ቦታ።

«እቅድ አለን»

አለ፣ አይቼዋለሁ። በስፓይራል የተጠረዘ፣ ማኅተም ያለው። አንድ ቀበሌ ውስጥ እሳት ሲነሳ አብሬ ነበርኩ፤ ስሙ ይቅር። ጥሩምባ ተነፋ፣ ሰው ግር ብሎ ወጣ። ዶማና አካፋው መጋዘን ውስጥ ነው። ቁልፉ የት ነው? ቁልፍ ያዡ ጋር። ቁልፍ ያዡስ? ሠርግ ሄዷል። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ቁልፉን ሰበርን፣ ከዚያ ደግሞ «የመንግሥት ንብረት የሰበረው ማነው?» የሚል ስብሰባ ተጠራ። እሳቱ ከጠፋ ከሳምንት በኋላ ነው እሱ።

እቅድ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፦ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። የባሕር ዛፉ ተክል መሃል ሣሩ የተላጨ ሰፊ መስመር ይኑር፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ የሚላጠው ልጡም እየነደደ በነፋስ ይበራል። ጎረቤት ወረዳ የሚደወልለት ሰው ስም ከነስልኩ ይጻፍ። ይህ ሁሉ በኅዳር ይለቅ፣ በየካቲት አይጀመር።

«ጠፋ»

የመጨረሻው ስህተት ይህ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው። ነበልባሉ ሲወርድ እልል ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። የአስታ ጉቶና የረግረግ ሥር ግን ውስጥ ውስጡን እየነደደ ይቆያል፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ነፋስ ሲነሳ ተመልሶ ይይዛል። የሰሜን ተራሮቹም እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ ነው እንደገና የተነሳው። አመዱን በእጅህ ጀርባ አስጠግተህ ትፈትሻለህ፣ የሚሞቀውን በዶማ ትገለብጣለህ፣ አፈር ታለብሳለህ። ከዚያ ሁለትና ሦስት ሌሊት ጥበቃ።

በዚያ ቀበሌ በመጀመሪያው ሌሊት 11 ሰው አደረ። በሁለተኛው ሌሊት 2። ቀሪዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ተራራው ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እነሱም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በተጠረዘው እቅድ ውስጥ የበጀት ሠንጠረዥ ነበር። የሥልጠና፣ የነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ። የቆሎ የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ።