ኮዲንግና ሮቦቲክስ በትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት

ኮዲንግ ኮምፒውተር በሚገባው ቋንቋ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ሮቦቲክስ ደግሞ ያ ትእዛዝ ከስክሪን ወጥቶ ሞተር ሲያሽከረክር፣ መብራት ሲያበራ፣ ርቀት ሲለካ ማየት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን የትልልቅ ከተሞች ትምህርት አድርጎ ያስባቸዋል። እውነት ነው፣ በትንሽ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት የሚጎድለው ብዙ ነው። ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፤ ኮምፒውተሩ ለተማሪው አይበቃም፤ አንድ ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫው ቅርብ አይገኝም። ነገር ግን ትምህርቱን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የዕቃ እጥረት አይደለም። ያለውንም ዕቃ ልጆች እንዳይነኩት መከልከል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሞር ፔፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፎርዚግ ሎጎ የተባለ ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ አሜሪካ ውስጥ ሠሩ። ሎጎ የሚታወቀው ስክሪን ላይ በምትታዘዝ «ኤሊ» ነው። ልጁ «50 ወደፊት፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ» ሲላት ኤሊዋ መስመር እያሰመረች ትሄዳለች። ያንኑ አራት ጊዜ ሲደግምላት ካሬ ሠርታ ትመለሳለች። ቀደምቶቹ ኤሊዎች ደግሞ ወለል ላይ የሚሄዱ እውነተኛ ሮቦቶች ነበሩ። ስለዚህ ለልጆች ኮዲንግና ሮቦቲክስን አንድ ላይ ማስተማር የቆየ ነገር ነው።

ዛሬ ጀማሪ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከስክራች ነው። ስክራች በ2007 ኤም አይ ቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው። ልጁ ኮድ በመተየብ ፋንታ ትእዛዝ የያዙ ባለ ቀለም ብሎኮችን ስክሪኑ ላይ እየጎተተ ይገጣጥማል። ለእኛ አንባቢዎች ደስ የሚለው ነገር፣ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው። አንዴ በፍላሽ ከመጣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ መጫን ይቻላል።

ወደ ሮቦት ሲኬድ አርዱይኖና ማይክሮቢት የተባሉት፣ በኮድ የሚታዘዙ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ይመጣሉ። ማይክሮቢትን ቢቢሲ ከአጋሮቹ ጋር ሠርቶ በ2016 ለብሪታንያ ተማሪዎች በነጻ አድሎታል። 25 ትናንሽ መብራቶች፣ ሁለት በተኖችና እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ሰሌዳው ላይ አሉ። በሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም። አርዱይኖ የተጀመረው በ2005 ኢቭሪያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። እሷም ትንሽ ከተማ ናት! የሰሌዳው ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም እያየ ሊሠራው ይችላል። ርካሽ ቅጂዎች የበዙትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን ኮምፒውተርም አያስፈልገውም። አንድ ተማሪ ሮቦት ይሆናል። ሌሎቹ ከበሩ ተነስቶ ጥቁር ሰሌዳው ጋ እንዲደርስ ትእዛዝ በወረቀት ይጽፉለታል። «ሦስት እርምጃ ወደፊት። ወደ ግራ ዙር።» ሮቦቱ የሚያደርገው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ወንበር ቢገጭም መራመዱን አያቆምም፤ «ቁም» አልተባለማ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ከዚያ ወረቀቱን ይቀበሉትና ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ይፈልጋሉ። የኮዲንግ ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ብዙ ክፍሎች የሚሠሩት መሰናክል የምታልፍ ትንሽ መኪና ነው። ከፊቷ ሁለት ዓይን የሚመስል የድምፅ ሴንሰር ይገጠማል። ሴንሰሩ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልክና እስኪመለስ ይጠብቃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ድምፁ በ0.002 ሰከንድ ከተመለሰ፣ ደርሶ መልሱ 68 ሴንቲሜትር ነው። ግድግዳው ያለው ግን 34 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ለሁለት ማካፈሉን የረሳ ቡድን መኪናውን ከግድግዳ ጋር ያላትማል። ያ ቡድን ደርሶ መልስን ሁለተኛ አይረሳም።

ሌላም ችግር አለ። መኪናዋ በኮምፒውተር ገመድ ስትሞከር መንኮራኩሮቿ አየር ላይ ጥሩ ይዞራሉ። ባትሪ ተገጥሞላት መሬት ስትነካ ግን ትንቀጠቀጥና ትቆማለች። ተማሪዎቹ ኮዱን አሥር ጊዜ ያነባሉ። ኮዱ ልክ ነው። ሞተሮቹ ሲነሱ ኤሌክትሪኩን ስለሚስቡት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሰሌዳውም እንደ አዲስ ይነሳል። ለሞተሮቹ የራሳቸው ባትሪ ሲሰጥና የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ ሲገናኝ መኪናዋ ትሄዳለች።

እንዲህ ያለው ነገር የሚገባው እጁ ለነካ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰሌዳ ከሦስት ልጅ በላይ ባይሆን ይመረጣል። አንዱ ኪቦርድ ላይ፣ ሌላው ሽቦ ላይ፣ ሦስተኛው እየመዘገበ፣ በየ15 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ቅያሪው ግዴታ መሆን አለበት። ካልሆነ ደፋሩ ሽቦውን ይዞ ይቀራል፤ ዝምተኛዋ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጸሐፊ ትሆናለች። ዕቃው ይሰበራል ብሎ ቁምሳጥን ቆልፎ መያዝ በጣም ያሳዝነኛል። መሰበሩ አይቀርም፤ መለዋወጫ አብሮ መግዛት ነው መፍትሔው።

አስተማሪው ብዙ ጊዜ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህር ነው። ከተማሪዎቹ አንድ ትምህርት ብቻ ቀድሞ ቢሄድም ይበቃል። ትልቁ አደጋ እሱ ሲዛወር ትምህርቱ የሚሰጥበት ክበብም አብሮ መዘጋቱ ነው። ሁለት መምህራን ቢይዙትና የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ቢያስተምሩ ይቀጥላል። በአንድ ኩባንያ ዕቃ ብቻ መተማመንም ያስቸግራል። በ1998 የወጣው ሌጎ ማይንድስቶርምስ የተባለ የሮቦት መገጣጠሚያ ዕቃ በዓለም ዙሪያ ስንቱን ክፍል አስተምሮ በ2022 መጨረሻ ሽያጩ ቆሟል።

ልጆቹ ትንሽ ሲለምዱ ፕሮጀክቱን ራሳቸው ይምረጡ። የውሃ ታንከር ሲሞላ የሚጮህ ደወል፣ ለአትክልት የአፈር እርጥበት መለኪያ። እርጥበት መለኪያው በተለይ ጥሩ ነው። ርካሹ ዓይነት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ከተሰጠው በሳምንታት ውስጥ ጫፎቹ ተበልተው ያልቃሉ፤ ንባቡም ይዛባል። ያኔ ተማሪዎቹ ከአፈር ነቅለው ያዩታል። ከዚያ ወደ ኮዱ ይመለሱና ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሰዓት አንዴ፣ በሚለካበት ቅጽበት ብቻ እንዲሆን ያደርጉታል።